የሐኪምና የነርስ ደመወዝን ማን ይወስናል? ከአዲስ አበባ እስከ ኦክላንድና ሳን ሆዜ

በካሊፎርኒያ ግዛት በሕዝብ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሐኪም ወይም ነርስ በዓመት ስንት እንደሚከፈለው ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም። የግዛቲቱ ዋና የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረውን ድረ-ገጽ ከፍቶ የካውንቲውን ስም መምረጥና የሥራ መደቡን መፈለግ ይበቃዋል። መደበኛው ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው፣ አሠሪው ለጤና መድኅንና ለጡረታ የሚያዋጣው ገንዘብ ጭምር በሰንጠረዥ ተዘርዝሮ ይገኛል።

ግልጽነቱ ከባለሥልጣናት በጎ ፈቃድ የመነጨ አልነበረም። እአአ በ2010 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ቤል በምትባል አነስተኛና አብዛኛው ነዋሪዋ ድሃ በሆነ ከተማ የአስተዳደሩ ሥራ አስኪያጅ በዓመት 800 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ደመወዝ ይከፈለው እንደነበር ሎስ አንጀለስ ታይምስ አጋለጠ። ቅሌቱ ሥራ አስኪያጁን ለእስር ሲዳርግ፣ ግዛቲቱ ደግሞ የሕዝብ ተቀጣሪዎችን ክፍያ ለሁሉም ክፍት እንድታደርግ ገፋፋት።

በኢትዮጵያ ደመወዝ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ በሹክሹክታ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደይና የክረምት መግቢያ ወራት ግን ይህ ልማድ ተሰበረ። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የወር ገቢያቸው ቤት ኪራይና ምግብ እንደማይሸፍን በማኅበራዊ ሚዲያ በአደባባይ መናገር ጀመሩ። ዘመቻው በኋላ ወደ ሥራ ማቆም አድማ አመራ።

በዚያው ሰሞን በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎችም የሀገር ቤቱን ዜና ይከታተሉ ነበር። አንዳንዶቹ ጥቁር አንበሳ ወይም ጎንደር አብረዋቸው የተማሩ ጓደኞቻቸው ምን ያህል እንደሚያገኙ ያውቁታል። የሁለቱ ሀገራት ደመወዝ ልዩነት ለማንም እንግዳ አይደለም። ብዙም ያልተብራራው ሌላ ነገር ነው፦ ደመወዙን ማን ይወስነዋል? ባለሙያው ሳይስማማ ሲቀርስ ምን ማድረግ ይችላል?

አንድ ሰንጠረዥ ለሁሉም

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም፣ ነርስ ወይም የጥርስ ሐኪም በሕግ ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥራዎች በነጥብ ተመዝነው በደረጃ ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚከፈለውን ገንዘብ የሚያጸድቀው ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት አጥቶ ቢቸገር እንኳ፣ ከሰንጠረዡ በላይ ከፍሎ ሰው ለመሳብ ያለው ነፃነት ጠባብ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት የተፈጠሩት መንገዶች ከደመወዙ ውጭ ያሉት ናቸው፤ የተረኝነት ወይም በባለሙያዎቹ አነጋገር የዲዩቲ ክፍያ፣ የቤትና የተጋላጭነት አበል፣ እንዲሁም በአንዳንድ ሆስፒታሎች ከሥራ ሰዓት ውጭ ከፍለው ለሚታከሙ የሚዘጋጀው ‘ፕራይቬት ዊንግ’።

የዚህ አሠራር ድክመት ጎልቶ የሚታየው የብር ዋጋ ሲወርድ ነው። ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ዋጋው ከ130 ብር በላይ ሆኗል። በዚያ ጊዜ በመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል የአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ መነሻ 6 ሺህ 940 ብር ነበር። በወቅቱ ተመን ሲሰላ ከ50 ዶላር እምብዛም አይበልጥም። ሐኪም በደረጃው ከዚህ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ነገር ግን የሚከፈለው ከዚያው ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ባለሙያዎቹ በ2017 ዓ.ም. ያቀረቧቸው ጥያቄዎች 12 ሲሆኑ፣ ከደመወዝ ማሻሻያው ጎን ለጎን የዲዩቲ ክፍያ፣ የተጋላጭነት አበል፣ የመኖሪያ ቤትና የትራንስፖርት ጉዳይ ተካተውበታል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን ከሁሉም በላይ ለውጭ ሰው ግራ ያጋባል። የጤና ባለሙያዎቹ ራሳቸውና ቤተሰቦቻቸው ነፃ ሕክምና እንዲያገኙ ጠይቀዋል። ሌላውን ሲያክም የሚውል ሰው ልጁ ሲታመም ካርድ ማውጫና መድኃኒት መግዣ ሊቸግረው ይችላል ማለት ነው።

ቁጣው በ2017 ዓ.ም. የተወለደ አልነበረም። ሚያዝያ 26/2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከመላ ሀገሪቱ የተውጣጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎችን አነጋግረው ነበር። ስብሰባው ቅሬታውን አላበረደውም፤ ይልቁንም በቀጣዮቹ ሳምንታት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ነጭ ጋዎናቸውን እንደለበሱ በተለያዩ ከተሞች ሰልፍ ወጥተዋል። የዛሬው ጥያቄ ያኔ በወረቀት ላይ ከሰፈረው ብዙም አይለይም።

ልዩነቱ የመጣው በአጸፋው ነው። ግንቦት 11/2017 ዓ.ም. አድማው በይፋ ሲጀመር መንግሥት ሕገ-ወጥ ነው አለ። ፌደራል ፖሊስ የጤና ባለሙያዎችን በቁጥጥር ሥር ማዋሉን አስታወቀ፤ የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ፕሬዝዳንት ከታሳሪዎቹ አንዱ ነበሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እስሩን አውግዞ ባለሙያዎቹ እንዲፈቱ ጠየቀ። የሀገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሆስፒታልና ክሊኒክን አድማ ከማይደረግባቸው ‘እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎቶች’ መካከል ይመድባቸዋል። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ሲሆን፣ በደመወዙ ላይ ከአሠሪው ጋር በኅብረት የሚደራደርበት ጠረጴዛ የለውም።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ሠራተኞች በሙሉ የደመወዝ ጭማሪ ተደርጓል። የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ወደ 11 ሺህ 500 ብር፣ የስኬሉ ከፍተኛ ጣሪያ ደግሞ ከ21 ሺህ 492 ብር ወደ 39 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ቀላል አይደለም። ሆኖም ከላይ ወደ ታች የወረደ ውሳኔ ነው፤ የጤና ባለሙያው እንደማንኛውም ሠራተኛ በቴሌቪዥን ሰማው እንጂ አልተደራደረበትም።

በኦክላንድ ኮረብታ ላይ

በኦክላንድ ከተማ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ የሚታየው ሃይላንድ ሆስፒታል የድሆች ሆስፒታል ነው። መድኅን የሌለው፣ በጥይት የተመታ፣ መንገድ ላይ የወደቀ ሁሉ ወደዚያ ይወሰዳል። ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው አላሜዳ ሄልዝ ሲስተም የተባለ የሕዝብ ተቋም ነው። ቴሌግራፍ ጎዳናን ተከትለው ምግብ ቤቶችና ሱቆች የከፈቱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ለዚህ ሆስፒታል ባዳ አይደሉም። ገና እንደመጡ፣ መድኅን ሳይኖራቸው፣ የመጀመሪያ ሐኪማቸውን እዚያ ያገኙ ብዙዎች ናቸው።

እአአ ጥቅምት 7/2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ባልበረደበት ወቅት ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ የዚህ ተቋም ነርሶችና ሌሎች ሠራተኞች ለአምስት ቀናት ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው በደመወዝ ብቻ አልተወሰነም፤ የሰው ኃይል እጥረቱን፣ የመከላከያ ቁሳቁስን፣ ተቋሙ ከጥቅማጥቅማቸው ሊቀንስ ያሰበውን ሁሉ አንስተዋል። ማንም አልታሰረም። ይልቁንም በዚያው ሰሞን የአላሜዳ ካውንቲ ተመራጮች ምክር ቤት ሆስፒታሉን ይመራ የነበረውን የባለአደራዎች ቦርድ አባላት ለመለወጥ ተንቀሳቀሰ። አድማ መቺዎቹ ከጠየቁት አንዱ ይኸው ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? ካሊፎርኒያ እአአ በ1968 ያወጣችው ሕግ የከተማና የካውንቲ መስተዳድሮች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ላይ በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ያስገድዳል። የመብቱ ሁለተኛ እግር የመጣው በ1985 ነው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕዝብ ተቀጣሪዎች አድማ በራሱ ሕገ-ወጥ እንዳልሆነ ወሰነ፤ የሚከለከለው በሕዝብ ጤናና ደኅንነት ላይ እውነተኛ አደጋ የሚጋርጥ ሲሆን ነው። የሚገርመው፣ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ያደረሱት ነርሶች ወይም መምህራን ሳይሆኑ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ሠራተኞች ነበሩ።

ስለዚህ በሆስፒታል አድማ ላይ የሚነሳው ክርክር ‘ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም’ የሚል ሳይሆን ‘የትኛው ነርስ ከአልጋው አጠገብ መራቅ አይችልም’ የሚል ነው። ማኅበሩ አስቀድሞ ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ሆስፒታሉ ተተኪ ነርሶችን ከሌላ ግዛት በኮንትራት ያስመጣል፤ አስቸኳይ ያልሆኑ ቀዶ ሕክምናዎች ይራዘማሉ። ካውንቲው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉ ጥቂት ባለሙያዎች ከቀሩ ሰው ይሞታል ብሎ ካመነ፣ የሕዝብ ቅጥር ጉዳዮች ቦርድ ዘንድ ቀርቦ እነዚያ ሰዎች ብቻ በፍርድ ቤት እግድ ሥራ ላይ እንዲቆዩ ማስጠየቅ ይችላል። አድማው ቀጥሎ፣ የታካሚው ሕይወትም ይጠበቃል። በየትኛውም ሀገር ያለ የጤና ባለሥልጣን ‘አድማ ማለት ሕሙማንን መግደል ነው’ ከማለቱ በፊት ይህን አሠራር ቢያየው መልካም ነበር።

ሳን ሆዜ፦ ሆስፒታል የሚገዛ ካውንቲ

ከኦክላንድ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ የሚገኘው የሳንታ ክላራ ካውንቲ በአሜሪካ እየተለመደ ከመጣው በተቃራኒ የሄደ ነው። ሌሎች ካውንቲዎች ሆስፒታሎቻቸውን ሲሸጡ ወይም ሲዘጉ እርሱ ሲገዛ ቆይቷል። በሳን ሆዜ ከሚገኘው ነባሩ የሳንታ ክላራ ቫሊ ሜዲካል ሴንተር በተጨማሪ፣ በ2019 ከኪሳራ የተረፉ ሁለት ሆስፒታሎችን በ235 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2025 ደግሞ በከተማዋ ምሥራቅ የሚገኘውን ሪጅናል ሜዲካል ሴንተር ገዝቷል።

በነዚህ ተቋማት የሚሠሩት ነርሶች በቀጥታ የካውንቲው ተቀጣሪዎች ናቸው። የራሳቸው ማኅበር ያላቸው ሲሆን፣ እአአ ከሚያዝያ 2 እስከ 4/2024 ቁጥራቸው ከ3 ሺህ 700 በላይ የሆነ ነርሶች ለሦስት ቀናት ሥራ አቁመዋል። ከክርክሩ ነጥቦች መካከል ነርሶችን ከለመዱት ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ማዘዋወርን የሚመለከተው ይገኝበታል። ጉዳዩ በመጨረሻ በድርድር ተቋጭቷል።

የስምምነቱ ሰነድ ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ያሉት የኅብረት ስምምነት ውስጥ ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ የእርከን ደመወዝ አለ፤ ነርሷ አገልግሎቷ በጨመረ ቁጥር እርከኑን ትወጣለች። በማታና በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ለሚገባ፣ ሁለተኛ ቋንቋ ተናግሮ ታካሚን ለሚረዳ ተጨማሪ ክፍያ ይኖራል። ቋሚ ጥቅማጥቅም ትቶ በሰዓት ከፍ ያለ ክፍያ የሚመርጠው ‘ፐር ዲየም’ ይባላል፤ ሁለት ሆስፒታል እየተመላለሱ የሚሠሩ አበሾች ይህን ቃል አሳምረው ያውቁታል።

በዚህ መንገድ የሚገኘው ገንዘብ በሀገሪቱ ከሚከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ነው። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መሠረት በግንቦት 2023 የአንድ ነርስ አማካይ ዓመታዊ ደመወዝ በሀገር አቀፍ ደረጃ 94 ሺህ 480 ዶላር ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ 137 ሺህ 690 ዶላር ነበር። የሳን ፍራንሲስኮና ኦክላንድ እንዲሁም የሳን ሆዜ አካባቢዎች ደግሞ ከካሊፎርኒያ አማካይም በላይ ይከፍላሉ።

ከደመወዙ እኩል ለነርሶቹ ዋጋ ያለው ሌላ ሕግ አለ። ካሊፎርኒያ አንድ ነርስ በአንድ ጊዜ ስንት ታካሚ መያዝ እንደምትችል በሕግ የወሰነች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት። ሕጉ በ1999 ጸድቆ በ2004 በሥራ ላይ ውሏል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንድ ነርስ ሁለት ታካሚ፣ በድንገተኛ ክፍል አራት፣ በአጠቃላይ የሕክምናና ቀዶ ሕክምና ክፍል አምስት። አንዲት ነርስ አንድ ሙሉ ክፍል ለብቻዋ ስታዳርስ ማየት ለለመደ ሰው ቁጥሩ ቅንጦት ይመስላል። የነርሶች ማኅበራት ግን የብዙዎቹ አድማዎች መነሻ ሆስፒታሎች ይህን ቁጥር ለመሸራረፍ የሚያደርጉት ሙከራ ነው ይላሉ።

ሁሉም የጤና ተቋም የሕዝብ አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኦክላንድ የሆነው ካይዘር ፐርማኔንቴ ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል ድርጅት ነው። በጥቅምት 2023 ከ75 ሺህ በላይ ሠራተኞቹ በተለያዩ ግዛቶች ለሦስት ቀናት አድማ መትተው፣ በአራት ዓመት ውስጥ የ21 በመቶ ጭማሪ አግኝተዋል። በዚያው ወር የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም የጤና ዘርፍ ሠራተኞች ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ደረጃ በደረጃ ወደ 25 ዶላር እንዲያድግ የሚያዘውን ሕግ ፈርመዋል። ሕጉ ጽዳትና ምግብ ቤት ያሉትንም ስለሚጨምር፣ በርካታ ሐበሾችን የነካው ከነርሶቹ ስምምነት ይልቅ ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

ዶላሩን በብር ማባዛት

በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሊተወው የማይችል አንድ ልማድ አለው፤ የሚያገኘውንም የሚያወጣውንም በልቡ በብር ያባዛል። 137 ሺህ ዶላር ሲባዛ የሚወጣው አኃዝ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ የካሊፎርኒያ የቤቶች ልማት መሥሪያ ቤት በ2025 ባወጣው መስፈርት በሳንታ ክላራ ካውንቲ ብቻውን የሚኖር ሰው በዓመት እስከ 111 ሺህ 700 ዶላር ቢያገኝ ‘ዝቅተኛ ገቢ’ ካላቸው ይመደባል። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚከፍሉት ደመወዝ የቤት ዋጋን ወደ ሰማይ ሰቅሎታል። በመሆኑም ሳን ሆዜ የሚሠራ ነርስ እንደ ትሬሲና ሞዴስቶ ካሉ ሩቅ ከተሞች ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መንዳቱ የተለመደ ነው።

ሐኪሞችን በተመለከተ ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው የሚጠብቀው ቅደም ተከተል ሁልጊዜ አይሠራም። በሥልጠና ላይ ያለ ሬዚደንት ሐኪም በሳምንት እስከ 80 ሰዓት እንዲሠራ ይፈቀድበታል፤ ደመወዙ ግን በዚያው ሆስፒታል ከሚሠራ ነባር ነርስ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ገቢው የሚያሻቅበው ሥልጠናው ሲያልቅ ነው። የሳንታ ክላራ ካውንቲ ሐኪሞችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ባለፉት ዓመታት አድማ ለመምታት እስከ መዛት ደርሰዋል። ሐኪም የሠራተኛ ማኅበር አባል ሆኖ የአድማ ድምፅ መስጠቱ ለቀደመው ትውልድ የማይታሰብ ነበር።

ዶክተር ተብሎ መጥቶ

በኢትዮጵያ ሐኪም የነበረ ሰው ካሊፎርኒያ ሲደርስ ከዚህ የደመወዝ መሰላል በየትኛው እርከን ይጀምራል? ብዙውን ጊዜ ከመሰላሉ ውጭ ነው።

ለፈቃድ የሚያበቃው መንገድ የታወቀ ነው። የአሜሪካን የሕክምና ፈቃድ ፈተናዎች በየደረጃው ማለፍ፣ የውጭ ሀገር ምሩቅነትን ማስመስከር፣ ከዚያም በሀገር አቀፉ ድልድል የሬዚደንሲ ቦታ ማግኘት። ካሊፎርኒያ ከ2020 ወዲህ ሙሉ ፈቃድ ለመስጠት የ36 ወራት የሬዚደንሲ ሥልጠና ትጠይቃለች። አዲስ አበባ ውስጥ አሥር ዓመት ያዋለደ የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ከሁለተኛ ዲግሪው ጋር እንደገና ሬዚደንት መሆን አለበት። ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ልጆች ያሉት፣ ሀገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው ለፈተና ዝግጅት ሁለት ዓመት ከሥራ ውጭ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ የሚቀርበውን ሥራ ይይዛል።

የጥርስ ሐኪሞች ዕጣ ከዚህም የጠበበ ነው። ግዛቲቱ ከጥቂት ትምህርት ቤቶች በስተቀር የውጭ የጥርስ ሕክምና ዲግሪን ለፈቃድ በቀጥታ ስለማትቀበል፣ አብዛኞቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንዳሉት ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ምሩቃን የተዘጋጀውን የሁለት ዓመት ገደማ ትምህርት መድገም ግድ ይላቸዋል። ክፍያው ከባድ፣ ፉክክሩም የበረታ ነው። ለነርሶች በሩ ሰፋ ይላል፤ ሆኖም የተማሩበት ተቋም የትምህርት ማስረጃቸውን በቀጥታ እንዲልክ ስለሚጠየቅ፣ ኮሌጁ የተዘጋበት ወይም በጦርነት መዝገቡ የጠፋበት ሰው ፈተናው ላይ ሳይደርስ በወረቀት ይሰናከላል።

መንገዱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ካሊፎርኒያ ራሷ አሳይታለች። በ2002 የወጣ አንድ ሕግ ከሜክሲኮ የሚመጡ እስከ 30 የሚደርሱ ሐኪሞች ሬዚደንሲ ሳይደግሙ፣ ሐኪም ባጡ የገጠርና የከተማ ክሊኒኮች ለሦስት ዓመት እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ ክፍያቸውም ከአሜሪካውያኑ ጋር የተስተካከለ ነው። እርግጥ ነው፣ ሕጉ ከጸደቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ሥራ እስኪጀምሩ 20 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። የቴነሲ ግዛት በበኩሏ በ2023 ልምድ ያላቸው የውጭ ሐኪሞች በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሠሩ የሚያስችል ሕግ አውጥታ ሌሎች ግዛቶች ተከትለዋታል።

እስከዚያው ብዙዎች የሚገኙት በጤናው ዘርፍ ዝቅተኛ እርከኖች ነው፤ ረዳት ነርስ፣ የደም ቀጂ፣ የዲያሊስስ ቴክኒሻን፣ የአረጋውያን ተንከባካቢ። ከእነዚህ ሁሉ ለሐበሻ ቤተሰብ የሚቀርበው በካውንቲ የሚተዳደረው የቤት ለቤት እንክብካቤ መርሃ-ግብር ነው። አቅመ ደካማ እናቷን የምትጦር ልጅ ለተፈቀዱላት ሰዓታት በሰዓት ይከፈላታል። ሀገር ቤት በምርቃት የሚከፈል የነበረው ሥራ እዚህ የደመወዝ ወረቀት አለው፤ የሰዓቱን ዋጋም በየካውንቲው ያለው የሠራተኛ ማኅበር ይደራደርበታል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ድርድር ብቻውን ደመወዝ አይፈጥርም። የኦክላንድና የሳን ሆዜ የሕዝብ ሆስፒታሎች ትልቁ የገቢ ምንጭ ሜዲ-ካል ነው፤ የፌደራል መንግሥቱና ግዛቲቱ በጋራ የሚሸፍኑት የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች መድኅን ሲሆን ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ካሊፎርኒያውያን ይጠቀሙበታል። በተጨማሪም የአላሜዳ ካውንቲ መራጮች በ2004 በሽያጭ ላይ የግማሽ ሳንቲም ግብር ለጤና እንዲጣል ወስነዋል፤ ከሚሰበሰበው ሦስት አራተኛው ለሃይላንድና ለእህት ተቋማቱ ይሄዳል። በ2014 በድጋሚ ድምፅ ተሰጥቶበት እስከ 2034 ተራዝሟል። አንድ ሰው ቴሌግራፍ ላይ ጫማ ሲገዛ ከዋጋው ላይ ጥቂቱ ለነርሷ ደመወዝ ይውላል ማለት ነው።

አሁን ይህ ምንጭ እየጎደለ ነው። ሐምሌ 4/2025 ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ የፈረሙት የበጀት ሕግ ለሜዲኬይድ የሚመደበውን የፌደራል ገንዘብ በእጅጉ ይቀንሳል። ካሊፎርኒያም የራሷን ጉድለት ለመሙላት ሕጋዊ መኖሪያ የሌላቸው አዋቂዎች ከጥር 2026 ጀምሮ በሙሉው ሜዲ-ካል አዲስ እንዳይመዘገቡ፣ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ደግሞ ያሉትም የጥርስ ሕክምና ሽፋናቸው እንዲቋረጥ ወስናለች። የጥርስ ሽፋን በክፉ ቀን ከሁሉ ቀድሞ የሚቆረጥ ነው፤ በ2009 የበጀት ቀውስም የአዋቂዎች የጥርስ ሕክምና ተቋርጦ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በ2018 ነበር። ታካሚው ሲቀር፣ በማኅበረሰብ ክሊኒክ የሚሠራው የጥርስ ሐኪም ወንበርም ባዶ ይሆናል።

በብሪታንያ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ አለ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ክፍያ በገለልተኛ ቦርድ ተጠንቶ ለመንግሥት በምክረ ሐሳብ ይቀርባል። ዓላማው አድማን ማስቀረት ነበር። ሆኖም ገንዘቡን የሚከፍለው መንግሥት በመሆኑ ቦርዱ ነፃነቱን አጥቷል የሚሉት ሐኪሞች ከ2023 ወዲህ በተደጋጋሚ ሥራ አቁመዋል፤ በመስከረም 2024 በሁለት ዓመት የሚታሰብ የ22.3 በመቶ ጭማሪ ካገኙ በኋላም በቀጣዩ ሐምሌ እንደገና ወጥተዋል።

የሳንታ ክላራ ካውንቲ በፌደራሉ ሕግ ምክንያት በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊያጣ እንደሚችል አስታውቋል። ለሆስፒታሎቹ መታደጊያ ያቀረበው ሐሳብ በሽያጭ ላይ የአምስት ስምንተኛ ሳንቲም ግብር መጨመር ሲሆን፣ መራጮች በኅዳር 2025 አጽድቀውታል። ግብሩ የሚጸናው ለአምስት ዓመት ብቻ ነው።